ትልቅ ኮንሰርት በአነስተኛ ወጪ፦ ርካሹ ትኬት የትኛው ነው?

አየር ጤና የአዲስ አበባ ምዕራባዊ በር ናት። ከጅማ፣ ከወሊሶና ከሰበታ አቅጣጫ የሚመጣ መንገደኛ ወደ መዲናዋ የሚዘልቀው በዚሁ በር ነው። ታላላቅ የሙዚቃ ድግሶች የሚሰናዱባቸው ስፍራዎች ግን በሌላው የከተማዋ ወገን ይገኛሉ። ሚሌኒየም አዳራሽ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው፤ መስቀል አደባባይም ሆነ ለዓመታት ብዙ ኮንሰርቶችን ያስተናገደው የጊዮን ሆቴል ግቢ መሀል ከተማ ናቸው። ስለዚህ የአየር ጤና ነዋሪ፣ ከዚያም አልፎ ከገጠር የሚመጣ የሙዚቃ አፍቃሪ፣ «ርካሽ ትኬት» ሲል ማስላት ያለበት በትኬቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይደለም። ዝግጅቱ ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ሌሊት ወደ ቤት የሚመለሰውስ በምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ በርካሽ የተገዛው ትኬት ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አንድ ኮንሰርት ለምን ውድ፣ ሌላው ለምን ርካሽ እንደሚሆን መረዳት ለገዢው ይጠቅማል። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያለ ምንም ክፍያ ታድሟል። ያ የሆነው ወጪውን ከተመልካቹ ኪስ ውጭ የሚሸፍን አካል በመኖሩ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም በኢትዮጵያ ለደረሰው ረኀብ እርዳታ ለማሰባሰብ በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» የተሰኘው ታላቅ የሮክ ድግስ ደግሞ ሌላ ገጽታ ያሳያል። የመግቢያው ዋጋ 25 ፓውንድ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ለትኬቱ የተያዘው 5 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ቀሪው 20 ፓውንድ እርዳታ ነው። ድምፃውያኑ ያለ ክፍያ በመጫወታቸው ትኬቱ ራሱ ርካሽ ነበር።

በመደበኛው ጊዜ ግን የአዳራሽ ኪራይ፣ የድምፅና የመብራት መሣሪያ፣ የጥበቃ፣ የማስታወቂያና የአርቲስት ክፍያ ተደምረው ለስፖንሰሩና ለትኬት ገዢው ይከፋፈላሉ። ስፖንሰሩ ጠንካራ ሲሆን የትኬቱ ጫና ይቀልላል፤ ስፖንሰር ከሌለ ሸክሙ በተመልካቹ ላይ ይወድቃል። የኮንሰርት ማስታወቂያ ሲወጣ የስፖንሰሮቹን ብዛትና ማንነት መመልከት ስለ ዋጋውም ሆነ ስለ ዝግጅቱ አስተማማኝነት ፍንጭ ይሰጣል። ባዕድ አገር ካለ አርቲስት ጋር ሲሆን ስሌቱ ይለወጣል። በ2000 ዓ.ም መባቻ ለኢትዮጵያ ሚሌኒየም በዓል ብላክ አይድ ፒስ የተባለው የአሜሪካ ቡድን፣ በጥቅምት ወር ደግሞ ቢዮንሴ በሚሌኒየም አዳራሽ ተጫውተዋል። እንዲህ ያለ ዝግጅት የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የውጭ ምንዛሪ ወጪ ስላለበት ከአገር ውስጥ ድምፃዊ ኮንሰርት በዋጋ መራቁ የማይቀር ነው። ሮክ ወዳዱም ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። እንደ ጃኖ ባንድ ሮክን ከአገርኛ ቅኝት ጋር ያዋሐዱ የአገር ውስጥ ባንዶች በአነስተኛ መድረክ ሲጫወቱ መከታተል፣ የባሕር ማዶ ቡድን እስኪመጣ ከመጠበቅ እጅግ ይረክሳል።

በአገራችን የተለመደው የትኬት አሻሻጥ በአብዛኛው ሁለት መስመር አለው። አንደኛው የደረጃ ልዩነት ነው፤ መደበኛ፣ ቪአይፒ፣ አንዳንዴም ቪቪአይፒ እየተባለ ይከፈላል። ሁለተኛው የጊዜ ልዩነት ነው፤ ቀድሞ ለሚገዛ ቅናሽ ይደረጋል፣ በዕለቱ በር ላይ ለሚገዛ ዋጋው ይጨምራል። አሰናጂው ቅናሽ የሚያደርገው ለደግነት ብቻ አይደለም። ለአዳራሽና ለመሣሪያ የሚከፍለውን ቀብድ የሚያገኘው ከቀደምት ገዢዎች ነው። በሌላ አነጋገር ቀድሞ የሚገዛ ሰው ለአሰናጂው ብድር እየሰጠ ነው፤ ቅናሹም የብድሩ ወለድ ነው ማለት ይቻላል። ብድር የሚሰጥ ሰው ደግሞ ተበዳሪውን ማወቅ ይኖርበታል።

ይህ ሥጋት ግምት ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2009 ዓ.ም መጨረሻ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበም ምርቃት በሒልተን አዲስ አበባ ሊካሄድ ሲል ፈቃድ አልተገኘለትም በሚል በፖሊስ እንዲቆም ተደርጓል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ሕዝባዊ ስብሰባዎች ሁሉ ታግደው፣ ኮንሰርት ይስተናገድበት የነበረው ሚሌኒየም አዳራሽ ራሱ የሕሙማን ማቆያና ማከሚያ ማዕከል ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ማንም ያልጠበቀው መቅሠፍት ነው። ትኬት ለያዘ ሰው ግን ሁለቱም የሚያስነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል?

ስለዚህ ቀድሞ መግዛት የሚመከረው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። የአሰናጂው ድርጅት ስምና አድራሻ በማስታወቂያው ላይ መገለጹ፣ ቀኑና ቦታው «በቅርቡ ይገለጻል» ሳይባል በቁርጥ መታወቁ፣ ቢሰረዝ ወይም ቢራዘም ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ መቀመጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የኮንሰርት ትኬት የአገልግሎት ሽያጭ ነውና ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስቱ ነጥቦች ካልተሟሉ የቅናሹን ቀን አሳልፎ፣ መድረኩ መተከል ሲጀምር ጥቂት ጨምሮ መግዛት ይሻላል። የሚጨመረው ገንዘብ ለእርግጠኝነት የሚከፈል ነው።

በውጭ አገር የሚሰጡ ምክሮችን እንዳሉ ወደዚህ ማምጣት ሊያሳስት ይችላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ዋጋው እንደ ፈላጊው ብዛት በየደቂቃው የሚለዋወጥበት አሠራር አለ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም ኦኤሲስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ዳግም ለመገናኘት ትኬት ባቀረበበት ቀን ለብዙ ሰዓት ወረፋ የያዙ ሰዎች፣ ወደ 150 ፓውንድ ግድም ይሆናል ያሉትን የመቆሚያ ትኬት ተራቸው ሲደርስ ከ350 ፓውንድ በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ጉዳዩ ቁጣ ቀስቅሶ የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን ምርመራ ከፍቶበታል። አየርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ በትልልቅ ስፍራዎች የሚካሄዱ ዝግጅቶችን ትኬት ከተጻፈበት ዋጋ አስበልጦ መልሶ መሸጥን ከልክላለች። በእነዚያ አገሮች «እስከ መጨረሻው ሰዓት ታገሥ፣ ሻጮች ዋጋ ይቀንሳሉ» የሚለው ምክር የሚሠራው ትኬት መልሶ የሚሸጥበት የታወቀ ገበያ ስላለ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ የተደራጀ ገበያ የለም። የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከፍ ያለውን የበር ዋጋ ወይም በር ላይ ትኬት አንጠልጥሎ የሚዞረውን ቸርቻሪ ነው።

ስለዚህ ቸርቻሪ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የብዙዎች ገንዘብ የሚቀልጠው በእርሱ እጅ ነውና። ትኬት ሲያልቅ ዋጋ አንሮ መሸጡ አንድ ችግር ነው፤ የባሰው ግን ሐሰተኛ ትኬት ነው። በወረቀት የታተመ ትኬት በጥሩ ማተሚያ ይገለበጣል። በስልክ የሚላከው ደግሞ የኪውአር ኮዱን ፎቶ ለአሥር ሰው በመሸጥ ይባዛል። በሩ ላይ ያለው መሣሪያ ኮዱን አንድ ጊዜ ካነበበ በኋላ የሚመጡት ዘጠኙ፣ እውነተኛ ገንዘብ ከፍለውም ቢሆን፣ ይመለሳሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አሰናጂው በማስታወቂያው ከጠቀሰው ባንክ፣ መደብር ወይም የስልክ ክፍያ መንገድ ውጭ አለመግዛት። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ትኬትን በስልክ መክፈል እየተለመደ መጥቷል፤ ይህም ከአየር ጤና ቦሌ ድረስ ሄዶ የመሰለፍን የትራንስፖርት ወጪ ያስቀራል። የክፍያ ማረጋገጫ መልእክቱም ኮንሰርቱ እስኪያልቅ ከስልክ መጥፋት የለበትም። ክፍያው የሚገባው ለድርጅቱ ሒሳብ እንጂ ለአንድ ግለሰብ የስልክ ቁጥር ከሆነ ግን መጠራጠር ይገባል። ትኬት የገዛ ሰው በደስታ ተነሣሥቶ ኮዱን በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ገጹ ላይ መለጠፉም ለሌባ ቁልፍ እንደመስጠት ነው።

ቪአይፒ መግዛት ይጠቅማል ወይ የሚለውም ይነሣል። ለመቀመጫው፣ ለመጠጡ ወይም ለክብሩ የሚገዛ ይገዛል፤ ለሙዚቃው ከሆነ ግን መድረኩ ሥር መቆም የተሻለ ድምፅ አያስገኝም። በየትኛውም ትልቅ ኮንሰርት ድምፁን የሚያስተካክለው ባለሙያ መሣሪያውን ዘርግቶ የሚቀመጠው አዳራሹ መሀል አካባቢ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ነው። ድምፁ የሚቃኘው እርሱ በሚሰማው መጠን ስለሆነ ከእርሱ አጠገብ ወይም ጥቂት ከኋላው የቆመ ባለ መደበኛ ትኬት ከሁሉ የጠራውን ሙዚቃ ይሰማል። ቀደም ብሎ መድረስ ብቻ ይጠይቃል።

ወደ አየር ጤናው ነዋሪ ስንመለስ ከባዱ ሒሳብ ያለው በመመለሻው ላይ ነው። መሄጃው አይከብድም፤ በሚኒባስ እስከ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ወደ ቦሌ ይኬዳል። ወደ መስቀል አደባባይ ለሚሄድ ደግሞ ከጦር ኃይሎች የሚነሣው፣ በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ የቀላል ባቡር መስመር አለ። ችግሩ ኮንሰርቱ በማስታወቂያ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ይጀመራል ቢባልም ዋናው ድምፃዊ መድረክ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ መሆኑ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሕዝቡ ሲወጣ ባቡርም ሚኒባስም የለም፤ ያለው ኮንትራት ታክሲ ወይም በስልክ የሚጠራ መኪና ነው፤ እርሱም በዚያ ሰዓት ዋጋው ከፍ ይላል።

ለስሌት ያህል ብቻ መደበኛው ትኬት በቅድሚያ 800 ብር፣ በር ላይ 1200 ብር፣ የሌሊት ታክሲ እስከ አየር ጤና 1000 ብር፣ የመሄጃ ሚኒባስ 60 ብር ነው እንበል። ብቻውን ሄዶ በር ላይ የሚገዛ ሰው 2260 ብር ያወጣል። አራት ጎረቤታሞች ቀድመው ገዝተው አንድ ታክሲ ቢጋሩ ግን እያንዳንዳቸው የሚያወጡት 1110 ብር ነው፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። ከትኬቱ ቅናሽ የተረፈው 400 ብር ሲሆን ታክሲውን በመጋራት የተረፈው 750 ብር ነው። እንግዲህ ከአየር ጤና ለሚነሣ ሰው ከትኬት ቅናሽ ይልቅ አብሮ የሚመለስ የሰፈር ሰው ማግኘት የበለጠ ገንዘብ ያተርፋል፤ ለደኅንነትም ይበጃል። ከባለ ታክሲው ጋር ሰዓቱንና መገናኛ ቦታውን አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ከአዳራሹ በር ጥቂት ራቅ ብሎ መገናኘት በግርግሩ መካከል ዋጋ ከመከራከር ያድናል።

ከክልል ከተሞችና ከገጠር ለሚመጣ ታዳሚ ደግሞ የአልጋና የአውቶቡስ ወጪ ይደረባል። በጥር 2010 ዓ.ም ቴዲ አፍሮ በባሕር ዳር ስታዲየም ኮንሰርት ባቀረበ ጊዜ እንደታየው ትልቅ ዝግጅት ወደ ክልል ከተማ ሲመጣ ለአካባቢው ሰው ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል። አንድ ድምፃዊ አዲስ አልበም ካወጣ በኋላ በተለያዩ ከተሞች የመዞር ልማድ ስላለ፣ ለአዲስ አበባው ኮንሰርት ከመቸኮል በፊት ቀጣዮቹ ከተሞች የትኞቹ እንደሆኑ መጠየቅ ይበጃል። እህል ሸጦ ወይም ጉዳይ ኖሮት መዲናዋ የሚመጣ አርሶ አደርም ጉዞውን ከዝግጅቱ ቀን ጋር ቢያገጣጥም አንዱን የመንገድ ወጪ ለሁለት ጉዳይ ያውለዋል።

ወቅትም ዋጋ አለው። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ ኮንሰርቶች ፈላጊያቸው ብዙ ነው፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ መድረኩ ቀዝቀዝ ይላል። በበዓላት ሰሞን በሚዘጋጁ ባዛሮች ላይ ግን በአነስተኛ የመግቢያ ዋጋ በየዕለቱ ታዋቂ ድምፃውያንን ማየት ይቻላል፤ ለዓመታት ይህ ባህል የጸናው በመስቀል አደባባዩ ኤግዚቢሽን ማዕከል ነው። ብሔራዊ ቴአትርና ሀገር ፍቅር ቴአትር የሚያቀርቧቸው የሙዚቃ ዝግጅቶች ከትልልቅ ኮንሰርቶች ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው የሚቀመስ ነው። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝን የመሳሰሉ የባህል ተቋማትም በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ መድረክ ይከፍታሉ፤ በየዓመቱ ሰኔ 14 ቀን ግድም የሚውለው የሙዚቃ በዓል ከእነዚህ አንዱ ነው። እነዚህ ዝግጅቶች ብዙውን ጊዜ በጊዜ ስለሚያልቁ ለአየር ጤና ተመላሽ ሚኒባስ አያመልጠውም።

ትኬት ተገዝቶ ዝግጅቱ ወደ ሌላ ቀን ከተዛወረ ደግሞ አሰናጂው አብዛኛውን ጊዜ «የገዛችሁት ትኬት ለአዲሱ ቀን ያገለግላል» ይላል። በአዲሱ ቀን መገኘት የማይችል ሰው ይህን የመቀበል ግዴታ አለብኝ ብሎ ዝም ማለት የለበትም። ደረሰኙንና የክፍያ መልእክቱን ይዞ ትኬቱን ወደሸጠለት አካል በቶሎ፣ በጽሑፍ ማመልከት፣ መልስ ካጣ ጉዳዩን ለንግድ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ማቅረብ ይችላል። የመመለሻው ቀን ገደብ በማስታወቂያ ከተገለጸ ያንን ቀን አለማሳለፍ ያሻል፤ አዲሱ ኮንሰርት ከተካሄደ በኋላ የሚቀርብ የተመላሽ ጥያቄ ሰሚ የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው።