የብስክሌትዎ ጎማ የተነፋው በክብደትዎ ልክ ነው?

እንደሚታወቀው የሰውነት እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ሕመም ጠቀሜታው ከፍተኛ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለዚህ የሚሆን ጊዜ ለሚቸግረው ሰው ብስክሌት ጥሩ መላ ነው፤ መጓጓዣም ስፖርትም ይሆናልና። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ሜዳማ መንገዶች ብስክሌት የቆየ ልማድ ነው። በአዲስ አበባም በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል።

ይሁን እንጂ ብስክሌት ገዝቶ ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳ የሚያስደግፈው ሰው ጥቂት አይደለም። «እጄን ያደነዝዘኛል፣ ወገቤን ያመኛል፣ ፔዳሉ ይከብደኛል፣ ጎማው በየጊዜው ይተነፍሳል» የሚሉ ምክንያቶች ይሰማሉ። ለእነዚህ ችግሮች ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ፣ ብዙዎቻችን የማንጠረጥረው፣ የጎማው አየር ከነጂው ክብደት ጋር አለመመጣጠኑ ነው።

ክብደትና አየር ምን ያገናኛቸዋል?

ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። የአየር ግፊት የሚለካው በፒ.ኤስ.አይ. ወይም በባር ሲሆን 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። 3 ባር የተነፋ ጎማ መሬት በሚነካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 3 ኪሎ ያህል ይሸከማል ማለት ነው።

እስቲ 70 ኪሎ የሚመዝን አባት 18 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ላይ ተቀመጠ እንበል። ድምሩ 88 ኪሎ ነው። ነጂው ቀና ብሎ በሚቀመጥበት ብስክሌት 60 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 53 ኪሎ ገደማ፣ በኋላው ጎማ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጎማው 18 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል መሬት እስኪነካ ይጫናል። 25 ኪሎ የሚመዝን ልጁን በኋላው መጫኛ ላይ ሲያስቀምጥ ደግሞ የልጁ ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ በኋላው ጎማ ላይ ያርፍና ስፋቱ ወደ 26 ካሬ ሴንቲሜትር ያድጋል። ለአባት ብቻውን በቂ የነበረው አየር ለአባትና ለልጅ ያነሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አየሩ ሲያንስና ሲበዛ

አየሩ ሲያንስ ጎማው በእያንዳንዱ ዙር ከመጠን በላይ ስለሚጨማደድ የነጂው ጉልበት ይባክናል፤ ፔዳሉም ይከብዳል። ብስክሌቱ በመታጠፊያ ላይ ይዋልላል። ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ከተገኙ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚስማር ሳይሆን የአየር ማነስ ነው።

አየሩ ሲበዛም ጉዳት አለው። ከመጠን በላይ የጠጠረ ጎማ የኮረኮንቹንና የኮብልስቶኑን ንዝረት ሳያበርድ ወደ መዳፍ፣ ወደ ትከሻና ወደ ወገብ ያስተላልፋል። ንዝረቱና መሪውን አጥብቆ መደገፍ በመዳፍ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ሲጫኑት ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። አየሩ ተስተካክሎም መደንዘዙ ካልተወ ሐኪም ማማከር ይገባል። በተጨማሪም የጠጠረ ጎማ በሸካራ መንገድ ላይ ስለሚነጥር መሬቱን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ፍሬን ሲያዝም ሊያንሸራትት ይችላል።

ታዲያ ምን ያህል ይሁን?

በመጀመሪያ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ዝቅተኛውና ከፍተኛው መጠን እዚያ ላይ ይገኛል። ከፍተኛው ቁጥር ሊታለፍ የማይገባው ወሰን ነው እንጂ ለሁሉም ሰው የተመከረ መጠን አይደለም።

በብዛት ለሚታየው 26 በ1.95 ጎማ የሚከተለው የኋላ ጎማ መጠን ለመነሻ ያህል ይጠቅማል፦

• 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 35 ፒ.ኤስ.አይ.
• 65 ኪሎ ለሚመዝን 40
• 80 ኪሎ ለሚመዝን 45
• 95 ኪሎ ለሚመዝን 50

የፊተኛው ጎማ 5 ያህል ይቀንስለታል። ልጅ ወይም ዕቃ ሲጫን ለኋላው ከ5 እስከ 10 ይጨመራል። ጎማው ጠበብ ያለ ከሆነ ለዚያው ሰው ከፍ ያለ መጠን ያስፈልገዋል። በማናቸውም ሁኔታ ግን በጎማው ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች አይውጡ።

የአየር መለኪያ የሌለው ሰው ማስመሪያ ይበቃዋል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንክ ቤርቶ ባስተዋወቀው ዘዴ ጎማው ነጂው ሲቀመጥበት ከቁመቱ 15 በመቶ ያህል ዝቅ ቢል ተመራጭ ነው። ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት 40 ሚሊ ሜትር የነበረው፣ ሲቀመጡበት 34 ገደማ ቢሆን መልካም ነው ማለት ነው። ነጂው ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥና ሌላ ሰው ይለካለት።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ነጥቦች

1. ከመነዳሪ ባይበሳም አየሩ ቀስ በቀስ ይወጣል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ይለኩ። በተለይ በጨለማ ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጂድ በብስክሌት የሚሄዱ ማታውኑ ቢያዩት ይመረጣል።

2. ጎሚስታ ቤት ሲያስነፉ በመኪና መንፊያው ጥቂት በጥቂት እንዲሞሉልዎ ይንገሩ። የብስክሌት ጎማ ትንሽ ስለሆነ በቅጽበት ሞልቶ ሊፈነዳ ይችላል።

3. ከ20 ወደ 50 ዲግሪ የሞቀ ጎማ 45 የነበረው ግፊቱ ወደ 51 ከፍ ይላል። ስለዚህ ብስክሌቱን በፀሐይ ላይ አያቁሙት፤ ልኬቱንም ጎማው ሲቀዘቅዝ ያድርጉ።

4. ብስክሌቱን አባትና ልጅ በየተራ የሚነዱት ከሆነ ነጂው በተለወጠ ቁጥር አየሩም ይስተካከል። ለአባት የተነፋ ጎማ 40 ኪሎ ለሚመዝን ታዳጊ ይጠጥርበታል፤ ለታዳጊው የተነፋው ደግሞ ከአባት ሥር ይተኛል።

ብስክሌትዎን ከግድግዳ ያስደገፉ ካሉ ከመሸጥዎ በፊት ጎማውን በክብደትዎ ልክ አስነፍተው አንድ ሳምንት ይሞክሩት። ልጅዎን ከኋላ ከማስቀመጥዎ በፊትም ዝቅ ብለው ጎማውን ይመልከቱ።