ሦስት ጀነሬተርና የወፍ መንጋ

እ.ኤ.አ. በ1995 በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ አቀረቡ፤ ጄምስ ኬኔዲ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ራስል ኤበርሃርት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ። ሥራቸው የተጀመረው ምግብ የሚፈልግ የወፍ መንጋን በኮምፒውተር ለማስመሰል ነበር። ወፍ የጎረቤቱን ፍጥነት እንዲከተል የሚያስገድደውን ደንብ ሲሰርዙት ፍለጋው ጭራሽ ፈጠነ። ሰልፉ ፈርሶ ግርግር ሆነ፤ ግርግሩ ግን ምግቡን ያገኘዋል።

የኃይል መሐንዲሶች ይህን የመንጋ ፍለጋ ዘዴ የወደዱት በተርባይን ምክንያት ነው። የተፈለገው ኃይል በትንሽ ነዳጅ እንዲገኝ የትኛው ማመንጫ ስንት ያምርት? የቆየው መፍትሔ የተጨማሪዋ ሜጋ ዋት ወጪ በሁሉም ዘንድ እኩል እስኪሆን ጭነቱን ማከፋፈል ነው። የወጪው መስመር ለስላሳ ከሆነ ይህን የሚያክል ዘዴ የለም። ትልቅ የእንፋሎት ተርባይን ግን በተራ የሚከፈቱ በርካታ ቫልቮች አሉት። አዲሱ ቫልቭ መከፈት ሲጀምር እንፋሎቱ በጠባብ ቀዳዳ እየታነቀ ስለሚያልፍ ብክነቱ ድንገት ይጨምራል። መስመሩ ኮረብታና ሸለቆ ይሆናል፤ ቁልቁለቱን ብቻ የሚከተል ስሌትም መጀመሪያ ባገኘው ሸለቆ ውስጥ ይቀራል።

ተመራማሪዎች ዘዴያቸውን የሚፈትኑበት አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ፤ ሦስት ጀነሬተሮች 850 ሜጋ ዋት ማቅረብ አለባቸው። እዚህ ላይ አንድ «ወፍ» ማለት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፣ የሦስቱ ድርሻ። ወፎቹ በዘፈቀደ ይበተናሉ፣ የእያንዳንዳቸው ወጪ ይሰላል። እያንዳንዱ ራሱ ያገኘውን ርካሽ ድልድል ያስታውሳል፤ መንጋው ያገኘውንም ያውቃል። ቀጣይ እርምጃውን የሚወስኑት የነበረበት አቅጣጫና እነዚህ ሁለት ስበቶች ናቸው፤ ስበቶቹም በየጊዜው በዕጣ በሚወጣ ቁጥር ይባዛሉ። መጀመሪያ ርቀው እንዲያስሱ፣ ኋላ እንዲሰክኑ የነባሩ አቅጣጫ ክብደት ብዙ ጊዜ ከ0.9 ወደ 0.4 ይወርዳል። የተሳካለት መንጋ አንዱን ጀነሬተር በ300.27፣ ሌላውን በአቅሙ ጣሪያ በ400፣ ሦስተኛውን በ149.73 ሜጋ ዋት ያሠራል። ወጪው በሰዓት 8,234 ዶላር ገደማ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተኩላው፣ ዓሣ ነባሪው፣ የሌሊት ወፉ ሁሉ አልጎሪዝም ወጥቶላቸዋል። ብዙዎቹ አዲስ ስም እንጂ አዲስ ሒሳብ አላመጡም። ይህን ከሚተቹት አንዱ ራሱ ከጉንዳኖች ተነሥቶ የታወቀ ዘዴ የፈጠረው ማርኮ ዶሪጎ ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር የተኩላውንና የሌሊት ወፉን ጨምሮ ከእነዚህ አልጎሪዝሞች ስድስቱን መርምሮ ከቀደሙት፣ በተለይ ከኬኔዲና ኤበርሃርት መንጋ፣ የተለየ ነገር እንደሌላቸው አሳይቷል። ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ውጤቱ ምን ያህል ይታመናል? ዕጣ ያለበት ፍለጋ ዛሬ ያገኘውን ነገ ሊስተው ይችላል፤ ስለዚህ መሐንዲሱ ከልዩ ልዩ መነሻ ደጋግሞ ያስኬደዋል፣ ከምርጡ ውጤት ጋር አማካዩንና የከፋውንም አስቀምጦ ያነጻጽራል።