7 በመቶ ጨው

በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞችን ትኩረት አንድ ነገር ሳበ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ካለባቸው ታካሚዎች መካከል በባሕር ማዕበል ላይ መንሸራተት የሚያዘወትሩት ሳንባቸው ከሌሎቹ የተሻለ ይመስላል። ምክንያቱ ጨዋማው ውሃ ይሆን?

ጥርጣሬው መነሻ ነበረው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በዘር የሚወረስ በሽታ ሲሆን፣ መንስኤው ዘረመል የታወቀው በ1989 ነው። ጨውን በሕዋስ ሽፋን የሚያመላልሰውና ውሃ እንዲከተለው የሚያደርገው ፕሮቲን ስለሚጎድል ወይም ስለሚበላሽ የአየር ቧንቧው ይደርቃል፤ አክታው ወፍሮ ይጣበቃል፤ ባክቴሪያም ይራባበታል። የተከተፈ ቲማቲም ላይ የተነሰነሰ ጨው ውሃ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ወደ ሳንባ የገባ ጨውም ውሃ ወደ ቧንቧው ስቦ አክታውን ያላላዋል።

በ2006 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ይህን በ164 ታካሚዎች ላይ ለ48 ሳምንታት ፈተሸ። ግማሾቹ 4 ሚሊ ሊትር 7 በመቶ ጨዋማ ውሃ ፈሳሽን ወደ ጉም በሚቀይረው መሣሪያ፣ በኔቡላይዘር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሳቡ፤ የቀሩት 0.9 በመቶ። በጣዕሙ እንዳይለዩት መራራ ኩዊኒን ተጨመረበት። የትንፋሽ አቅም የተሻሻለው በጥቂቱ ነው፤ በሽታው የሚያገረሽባቸው ጊዜያት ብዛት ግን ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

በ1993 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ በኔቡላይዘር የሚሳበው ኢንዛይም ዶርናዝ አልፋ መንገዱ ሌላ ነው። አክታውን ከሚያወፍሩት ነገሮች አንዱ ከሞቱ ነጭ የደም ሕዋሳት የፈሰሰ ዲኤንኤ ነው፤ ኢንዛይሙ ይህን ረጅም ክር ይቆራርጠዋል። መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በአንድ ኔቡላይዘር ከጨዋማው ውሃ ጋር አይቀላቀልም።

የታካሚው ቀን እንግዲህ በተራ የተያዘ ነው። ጨው ቧንቧን ሊያጠብ ስለሚችል በቅድሚያ ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት ይሳባል፤ ከዚያ ጨዋማው ውሃ ይከተላል፤ ሳሉ ይመጣል፤ በፊዚዮቴራፒ አክታው ይወጣል። የሚሳብ አንቲባዮቲክ ካለ የመጨረሻው ተራ የእሱ ነው፤ አክታ ላይ አርፎ እንዳይቀር። ከዚያ ዕቃውን ማጠብና ከጀርም ማጽዳት አለ።

በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ትሪካፍታ የተባለው መድኃኒት ግን የተበላሸውን ፕሮቲን ራሱን ሥራ ያስጀምራል። በ2022 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን መድኃኒት የሚወስዱና ሳንባቸው ደህና የሆነ ታካሚዎች ጨዋማውን ውሃ ወይም ዶርናዙን ለስድስት ሳምንታት ቢያቆሙ የትንፋሽ አቅማቸው በጉልህ አልቀነሰም። ዘረመላቸው ለአዲሱ መድኃኒት ምላሽ የማይሰጥ ወይም ዋጋው የማይቀመስላቸው ታካሚዎች ግን ዛሬም ከኔቡላይዘሩ አልተላቀቁም።