«አልተገኘም» ሲባል ምን ማለት ነው? የኤፒአይ ፕሮክሲ አዘጋጃጀት፣ አዘረጋግና ፍተሻ

በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በመርጡለ ማርያም አንዲት እናት ከገጠር ቀበሌ ተነሥተው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጡ እንበል። ሠራተኛው የፋይዳ ቁጥራቸውን ኮምፒዩተሩ ላይ አስገብቶ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ «አልተገኘም» ይላቸዋል። ይህ አንድ ቃል ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን ሊገልጽ ይችላል። አንደኛው፣ ጥያቄው መዝገቡ ዘንድ ደርሶ የቀረበው መረጃ ከተመዘገበው ጋር አልተዛመደም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ጥያቄው ከነጭራሹ መዝገቡ ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ተገልጋይዋ መረጃቸውን ማስተካከል ይኖርባቸዋል፤ በሁለተኛው ግን የሚስተካከለው መሥመሩ እንጂ የእርሳቸው መረጃ አይደለም። ልዩነቱ በትክክል ካልተነገራቸው፣ ያልጎደለ መረጃ ለማስተካከል ሌላ ቀን፣ ሌላ የመጓጓዣ ወጪ ይጠይቃቸዋል።

ሁለቱን ሁኔታዎች ለይቶ ለመሥሪያ ቤቱ የማሳወቅ ኃላፊነት ያለበት፣ በአገልግሎት ሰጪውና በመረጃ ቋቱ መካከል የሚቆም «ኤፒአይ ፕሮክሲ» የተባለ የሶፍትዌር ክፍል ነው። ይህ ጽሑፍ ፕሮክሲው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውልና እንዴት እንደሚፈተሽ፣ እንዲሁም ተገልጋዮች ከዚህ ጋር በተያያዘ ሊያውቁት የሚገባውን ያስረዳል።

ኤፒአይ እና ፕሮክሲ ምንድን ናቸው?

ኤፒአይ ማለት ሁለት የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ያለ ሰው አማካይነት የሚጠያየቁበትና የሚመላለሱበት፣ አስቀድሞ የተወሰነ የአነጋገር ደንብ ነው። አንዱ ሥርዓት «ይህ ቁጥርና ይህ የአንድ ጊዜ የይለፍ ኮድ ይዛመዳሉን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ በተወሰነ ቅርጽ ይመልሳል።

ፕሮክሲ ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚቆም ተቀባይና አስተላላፊ ነው። በቀድሞው የቤተ መንግሥት ሥርዓት ባለጉዳይ ሁሉ በቀጥታ ወደ እልፍኝ አይዘልቅም ነበር፤ አጋፋሪው ማንነቱንና ጉዳዩን ለይቶ፣ ተራ አስጠብቆ ያስገባዋል። የፕሮክሲም ሥራ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ጥያቄውን ይቀበላል፤ ጠያቂውን መሥሪያ ቤት ይለያል፤ የተፈቀደለትን ብቻ ያሳልፋል፤ ምላሹንም ተቀብሎ ለጠያቂው ያደርሳል። ዋናው የመረጃ ቋት በዚህ ምክንያት ለውጭው መረብ በቀጥታ የተጋለጠ አይሆንም።

ይህ አሠራር በዓለም አቀፍ ደረጃም የተለመደ ነው። ኢስቶኒያ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2001 ሥራ ላይ ያዋለችው ኤክስ-ሮድ የተባለ ሥርዓት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን ወደ አንድ ቋት ሳይሰበስቡ በየበራቸው በቆሙ የጥበቃ ሰርቨሮች አማካይነት እንዲጠያየቁ ያደርጋል። በአገራችንም የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ካገኘ በኋላ፣ ባንኮችና ሌሎች ተቋማት የነዋሪዎችን ማንነት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማረጋገጥ ጀምረዋል። ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ አገልግሎት መስጠት የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎቶች በአንድ ሥፍራ ያቀርባል። እንዲህ ያለው ቅንጅት እየሰፋ በሄደ መጠን በሥርዓቶች መካከል የሚመላለሰው ጥያቄ ስለሚበዛ፣ ጥያቄው የሚያልፍበት በር በጥንቃቄ መዘጋጀት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ፕሮክሲውን ማዘጋጀት

ቀላል ፕሮክሲ ለማዘጋጀት በቅድሚያ ሁለት አድራሻዎች ይወሰናሉ። የመጀመሪያው አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን የሚልኩበት የፊት አድራሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፕሮክሲው ጥያቄውን የሚያስተላልፍበት የኋላ አድራሻ ነው። የኋላው አድራሻ ቢቀየር የፊቱ እንዳለ ስለሚቆይ፣ በየወረዳው ያሉ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን እንደገና ማስተካከል አያስፈልጋቸውም።

ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በመጀመሪያ ምንም ደንብ ያልተጨመረበት፣ ጥያቄን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ብቻ የሆነ ፕሮክሲ በሙከራ ሥፍራ ያዘጋጃሉ። ይህ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚከተሉት ደንቦች አንድ በአንድ ይጨመራሉ። አንድ በአንድ መጨመሩ፣ ችግር ሲፈጠር በየትኛው ደንብ ምክንያት እንደተፈጠረ ለመለየት ያስችላል።

1. ጠያቂውን መለየት። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ምስጢራዊ ቁልፍ ወይም ዲጂታል የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ቁልፍ የሌለው ጥያቄ አያልፍም።

2. ፈቃድን መወሰን። ማንነት ማረጋገጥ ብቻ የተፈቀደለት መሥሪያ ቤት የነዋሪውን ፎቶግራፍ ወይም አድራሻ እንዲጠይቅ አይፈቀድለትም። ለአገልግሎቱ «አዎ» ወይም «አይ» የሚበቃ ከሆነ ከዚያ ያለፈ መረጃ መውጣት የለበትም።

3. የጥያቄ መጠንን መገደብ። አንድ ኮምፒዩተር በደቂቃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ቁጥሮችን እየቀያየረ ቢጠይቅ፣ ይህ የአገልግሎት ሥራ ሳይሆን ቁጥሮችን በግምት የመፈለግ ሙከራ ሊሆን ስለሚችል ገደብ ይደረግበታል።

4. የጥበቃ ጊዜን መወሰን። ፕሮክሲው ምላሽ ለማግኘት ምን ያህል ሴኮንድ እንደሚጠብቅ ይወሰናል። ጊዜው እጅግ ካጠረ፣ መሥመራቸው ደካማ በሆነ አካባቢዎች ያሉ ተገልጋዮች ያለ በቂ ምክንያት ምላሽ ሳያገኙ ይቀራሉ፤ እጅግ ከረዘመ ደግሞ ወረፋው ይቆማል።

5. ክንውንን መመዝገብ። ማን፣ መቼ፣ ለምን ዓላማ እንደጠየቀና ምን ዓይነት ምላሽ እንደተሰጠ ይመዘገባል። ሆኖም የይለፍ ኮድ፣ የጣት አሻራና ሙሉ የመታወቂያ ቁጥር በግልጽ ተጽፈው በዚህ መዝገብ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም፤ አለበለዚያ ጥበቃ እንዲሆን የታሰበው መዝገብ ራሱ የመረጃ ማምለጫ ይሆናል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ሥራ ላይ ማዋል

የተዘጋጀው ፕሮክሲ በቀጥታ ለሕዝብ አገልግሎት አይከፈትም። በቅድሚያ በሙከራ ሥፍራ፣ የእውነተኛ ነዋሪዎች ባልሆነ የሙከራ መረጃ ይሠራል። የሙከራው ሥፍራ ቁልፎች ከዋናው አገልግሎት ቁልፎች የተለዩ መሆን አለባቸው፤ ቁልፎችም ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ጋር ተቀላቅለው አይቀመጡም። ከዚያም የደኅንነት ፍተሻ ይደረግለታል።

ፍተሻውን ያለፈው ዕትም የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት በመጀመሪያ ለጥቂት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ይከፈታል። ችግር ከታየ ወዲያውኑ ወደ ቀድሞው ዕትም መመለስ እንዲቻል አሮጌው ዕትም ተጠብቆ ይቆያል። ግንኙነቱ የሚመሰጠርበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት የአገልግሎት ዘመን አለው። ዘመኑ ሲያበቃ ካልታደሰ፣ ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ በበሩ የሚያልፉ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ አገልግሎታቸው ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ የማደሻውን ቀን አስቀድሞ የሚያስታውስ ኃላፊ መመደብ ይገባል።

ሦስተኛው ደረጃ፦ መፈተሽ

ፍተሻ ማለት ትክክለኛ ጥያቄ ትክክለኛ ምላሽ ማግኘቱን ማየት ብቻ አይደለም። በር የሚፈተነው ለተፈቀደለት በመከፈቱ ብቻ ሳይሆን ላልተፈቀደለት በመዘጋቱም ነው። ስለሆነም ቁልፍ የሌለው፣ ቁልፉ ጊዜው ያለፈበት፣ ከፈቃዱ በላይ የሚጠይቅና ቅርጹ የተበላሸ ጥያቄ ሆን ተብሎ እየተላከ ፕሮክሲው በአግባቡ መከልከሉ ይረጋገጣል።

ለአገራችን ተገልጋዮች የተለየ ክብደት ያላቸው ፍተሻዎችም አሉ። የመጀመሪያው የፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1999 በዩኒኮድ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ስለተካተተ፣ ስሞች በግዕዝ ፊደል ተጽፈው ሳይበላሹ ሊተላለፉ ይችላሉ። ሆኖም «ኃይለ ማርያም» እና «ሀይለማርያም» ለአንባቢ አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸው። የከተማዋ ስም ራሱ አንዳንድ ጊዜ «መርጡለ ማርያም»፣ አንዳንድ ጊዜ «መርጦ ለማርያም» ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ የትውልድ ቀን በአንደኛው ተጽፎ በሌላው ቢነበብ ትክክለኛው ባለመታወቂያ «አልተዛመደም» ሊባል ይችላል። በጳጉሜን የተወለደ ሰው ቀን በትክክል መለወጡ በተለይ መፈተሽ ይኖርበታል። ሦስተኛው የመሥመር ነው። ፍተሻው በዋናው ከተማ ባለው ፈጣን መሥመር ላይ ብቻ ከተደረገ የመርጡለ ማርያምን፣ የቢቸናን ወይም የሞጣን መሥሪያ ቤት ሁኔታ አያሳይም። ስለዚህ መሥመሩ ሲዘገይና በመካከል ሲቋረጥም ውጤቱ መታየት አለበት።

ምላሾቹ ምን ማለት ናቸው?

ሥርዓቶች እርስ በርስ ሲመላለሱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁ የምላሽ ቁጥሮችን ይጠቀማሉ። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

200፦ ጥያቄው በትክክል ደርሶ ምላሽ አግኝቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ቁጥር ብቻውን «ማንነቱ ተረጋግጧል» ማለት አለመሆኑ ነው። በብዙ ሥርዓቶች «አይዛመድም» የሚለውም ምላሽ ከዚሁ ቁጥር ጋር ስለሚመጣ ውስጡ መነበብ አለበት።

401 እና 403፦ የመጀመሪያው የጠያቂው ማንነት አልተረጋገጠም፣ ሁለተኛው ለጠየቀው ነገር ፈቃድ የለውም ማለት ነው። እዚህ ላይ ጠያቂ የሚባለው በአብዛኛው መሥሪያ ቤቱ እንጂ ተገልጋዩ አይደለም።

429፦ ከተወሰነው መጠን በላይ ጥያቄ ቀርቧል፤ ጥቂት ጠብቆ መሞከር ያስፈልጋል።

502፣ 503 እና 504፦ ችግሩ የተፈጠረው በሰርቨሮቹ በኩል ነው። በተለይ 504 ፕሮክሲው ከኋላ ያለውን ሥርዓት ጠብቆ ምላሽ በወቅቱ አለማግኘቱን ያመለክታል። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም ስለ ተገልጋዩ ማንነት የሚናገረው ነገር የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክትም ይኸው ነው፦ ምላሽ አለመገኘት «አይ» የሚል ምላሽ ማለት አይደለም። ፕሮክሲውም ሆነ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የሚታየው መልእክት ሁለቱን በአንድ ቃል መጠቅለል የለበትም። «መረጃው አልተዛመደም» እና «ሥርዓቱ ለጊዜው ምላሽ አልሰጠም» የሚሉት ተለይተው በአማርኛ ለሠራተኛው መታየት ይኖርባቸዋል።

ክፍያን በሚመለከት ጥንቃቄው ከዚህም ይበልጣል። በቴሌብር ወይም በባንክ ክፍያ ፈጽመው ምላሹ በመካከል ቢቋረጥ፣ ገንዘቡ ተላልፎ የተቋረጠው ማረጋገጫው ብቻ ሊሆን ይችላል። በሚገባ የተዘጋጀ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ መለያ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ያው ጥያቄ ዳግመኛ ቢላክ ሁለተኛ ክፍያ አይፈጽምም። ተገልጋዮችም ዳግመኛ ከመክፈላቸው በፊት የመጀመሪያው ክፍያ መፈጸም አለመፈጸሙን ማረጋገጥ ይገባቸዋል።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይችላሉ?

«አልተገኘም» ወይም «ሲስተም የለም» ሲባሉ፣ መረጃዎ አልተዛመደም ማለት ነው ወይስ ሥርዓቱ ምላሽ አልሰጠም ማለት ነው ብለው ይጠይቁ። ሥርዓቱ ምላሽ ካልሰጠ ዕለቱንና ሰዓቱን መዝግበው ይያዙ፤ ባለሙያዎች ከክንውን መዝገቡ ጋር አመሳክረው የችግሩን ቦታ ለመለየት ይረዳቸዋል። መረጃዎ ካልተዛመደ ደግሞ የስምዎ አጻጻፍና የትውልድ ቀንዎ በየትኛው አቆጣጠር እንደገባ እንዲታይልዎ ይጠይቁ።

በስልክዎ የሚደርስዎትን የአንድ ጊዜ የይለፍ ኮድ የሚሰጡት፣ እርስዎ ራስዎ ለጠየቁት አገልግሎትና ምክንያቱ ሲነገርዎ ብቻ ነው። በስልክ ደውሎ ኮዱን እንዲነግሩት ለሚጠይቅ ማንኛውም ሰው አይስጡ።

በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት፣ የግል መረጃዎ ለምን ዓላማ እንደሚውል የማወቅ፣ መረጃውን የማየትና ስሕተት ሲኖር እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለዎት። በሥርዓቶች መካከል የሚቆመው በር ለዓይን የማይታይ ቢሆንም፣ በትክክል መዘጋጀቱና መፈተሹ የሚታወቀው ይህ መብት በመርጡለ ማርያም የአገልግሎት መስኮት ላይም ሲከበር ነው።