ሶፋው፣ ጠመኔውና ሳክስፎኑ

ደመናው ይገለጣል፤ መዘምራን የፊልሙን ርዕስ በዜማ ይጠራሉ፤ ካሜራው ስፕሪንግፊልድ የተባለችውን ከተማ አቋርጦ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መስኮት ይጠጋል። ውስጥ የአስር ዓመቱ ባርት ጠመኔ ይዞ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይጽፋል፤ አጥፍቶ ተቀጥቷል። «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲ ከ30 ዓመት በላይ ተመልካቹን የተቀበለው በዚህ መግቢያ ነው።

የሲምፕሰን ቤተሰብን የፈጠረው ማት ግሬኒንግ ነው። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1987 በ«ትሬሲ ኡልማን ሾው» ውስጥ በአጫጭር ፊልሞች ታየ፤ በታኅሣሥ 1989 ደግሞ በፎክስ ቴሌቪዥን ራሱን የቻለ ተከታታይ ሆነ። ዳኒ ኤልፍማን ሙዚቃውን የደረሰለት መግቢያ የመጣው በሁለተኛው ክፍል፣ በጥር 1990 ነው። መነሻው ቁጠባ ነበር። በእጅ በሚሳል ካርቱን እያንዳንዷ ሰከንድ ብዙ ሥዕል ትፈልጋለች፤ መግቢያው ረዘም ካለ በየሳምንቱ አዲስ የሚሳለው ያንሳል። ግሬኒንግ ግን ተመልካቹ ያንኑ እያየ እንዳይሰለች፣ በየክፍሉ የሚለዋወጡ ቀልዶችን ካሳ አድርጎ ጨመረበት።

የመጀመሪያው ቦታ ሰሌዳው ነው። ባርት በመጀመሪያው ቅጣቱ ጠመኔ እንደማያባክን ቃል ገባ፤ ቃሉን የገባው ግን ሰሌዳውን ሙሉ በጠመኔ እየሞላ ነው! ሁለተኛው የእህቱ የሊሳ ሳክስፎን ነው፤ መምህሩ ሚስተር ላርጎ ከልምምድ ሲያባርራት እየነፋች ትወጣለች፤ የምትነፋውም አልፎ አልፎ ይለወጣል። ሦስተኛው ሶፋው ነው። ሁሉም ወደ ቤት ተጣድፈው ቴሌቪዥኑ ፊት ሊቀመጡ ሲሮጡ አንድ ነገር ይፈጠራል። በመጀመሪያው ጊዜ ተጣበው ሲቀመጡ ባርት ከመካከል ተፈናጥሮ ወደ ላይ ተወረወረ።

ሶፋው ለአዘጋጆቹ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰዓት ይሞላል። ታሪኩ ሲረዝም ቀልዱ ያጥራል፣ ታሪኩ ሲያጥር ቀልዱ ይለጠጣል። በ1992 በወጣው አንድ ክፍል ቤተሰቡ ከሶፋው ፊት መደነስ ሲጀምር ጨፋሪዎች ተጨመሩ፣ ከዚያም ዝሆኖች ሳይቀሩ ገቡና ሳሎኑ ሰርከስ ሆነ። ኋላ ላይ ቦታው ለእንግዳ አርቲስቶች ተለቀቀ፦ በ2010 ለባንክሲ፣ በ2013 ለጊየርሞ ዴል ቶሮ፣ በ2014 ለዶን ኸርትዝፌልት። ባንክሲ ካርቱኑ በጨለማ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞች እየተጨቆኑ ሲሳል አሳየ፤ የገዛ አሠሪውን በገዛ መድረኩ ወቀሰ።

በ2009 መግቢያው ለከፍተኛ ጥራት ሥርጭት እንደ አዲስ ሲሳልም ሰሌዳው፣ ሳክስፎኑና ሶፋው በቦታቸው ቆዩ። ለውጥ የሚታየው የማይለወጥ ነገር አጠገብ ሲቀመጥ ነውና፣ የቀልዱ ጉልበት ያለው ተመልካቹ በለመደው ላይ ነው።

ይህንን ከሁሉ በላይ ያሳየው በኅዳር 2013 የወጣው ክፍል ነው። የባርት መምህርት የኤድና ክራባፕልን ድምፅ ትጫወት የነበረችው ማርሻ ዋላስ በጥቅምት አርፋ ነበር። ባርት ፊቱ በሐዘን ጠቁሮ፣ መምህርቱ እንደምትናፍቃቸው አንድ መስመር ብቻ ጻፈ። አልደገመውም። ሰሌዳው ሲሞላ ማየት የለመደ ሁሉ የቀረው ባዶ ቦታ ምን እንደሚል ማንም ሳይነግረው ገባው።