ጢስና ጡንቻ

ከ7,000 የሚበልጡ ኬሚካሎችን የተሸከመው የሲጋራ ጢስ ወደ ሳንባ በዘለቀ ቍጥር፣ በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ዘብ የቆሙት ማክሮፌጅ የተባሉ ሕዋሳት ባዕድ ነገር እንደ ገባ ዐውቀው የጥሪ መልእክት ይልካሉ፤ በዚህም ጥሪ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር እየወጡ ወደ ሳንባው ይጐርፋሉ። የገባው ተውሳክ ቢሆን ኖሮ አጥፍተውት በተበተኑ ነበር፤ ጢስ ግን የሚገደል ሕይወት የለውምና፣ አጫሹም ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሲጋራ ይለኵሳልና፣ ለጠላት የተዘጋጀው ኤላስቴዝ የተባለው ኢንዛይም ሳንባ ተለጥጦ እንዲመለስ የሚያደርጉትን ቀጫጭን ክሮች መብላት ይጀምራል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህን የመከላከል ሥራ ሲሆን፣ ደዌ የሚሆነውም ማብቂያ ሲያጣ ነው።

ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት መቅላትን፣ ማበጥን፣ መሞቅንና ሕመምን የብግነት አራት ምልክቶች አድርጎ ጽፎ ነበር፤ የአጫሹ ብግነት ግን ከእነዚህ አንዱንም ሳያሳይ ለዓመታት ተሰውሮ ሊኖር ይችላል። የሚገልጠው የደም ምርመራ ነው፤ የነጭ ደም ሕዋሳት ቍጥር ከፍ ብሎ፣ ጉበትም እ.ኤ.አ. በ1930 በሳንባ ምች ሕሙማን ደም ውስጥ የተገኘውን ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን አብዝቶ ሲያመነጭ ይታያል። ስለዚህም የትምባሆ ጉዳት በሳንባ ሳይወሰን ልብንና የደም ሥርን ያዳርሳል።

ታዲያ ሶምሶማ፣ ፈጣን እርምጃ ወይም ብስክሌት በዚህ ሁሉ መካከል ምን ይፈይዳል? ጡንቻ አጥንትን ከማንቀሳቀስ በቀር ሌላ ግብር የሌለው መስሎ ለብዙ ዘመን ሲታሰብ ከኖረ በኋላ፣ በኮፐንሃገን ቤንተ ክላርሉንድ ፔደርሰን የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ የሚሠራ ጡንቻ ኢንተርሊውኪን-6 የተባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ራሱ ወደ ደም እንደሚያፈስ እ.ኤ.አ. በ2000 አስረዱ። ይህ ፕሮቲን በሕመም ጊዜ የብግነት አጋዥ ሆኖ የሚታወቅ ሲሆን፣ ከሚንቀሳቀስ ጡንቻ ወጥቶ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ከፍ ሲል ግን ብግነትን የሚገቱ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይጠራል፤ የተፈጥሮ ጥበብ እንዲህ ረቂቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት፣ ጤነኛ ወንዶች ከባክቴሪያ የተገኘ ጥቂት መርዝ በደም ሥራቸው ሲሰጣቸው፣ ዐርፈው በተቀመጡ ጊዜ ቲኤንኤፍ የተባለው ዋነኛ የብግነት ቀስቃሽ ከፍ አለ፤ 3 ሰዓት ብስክሌት በነዱ ጊዜ ግን ያ ጭማሪ ሳይታይ ቀረ።

የአጫሾቹን ነገር የገለጠው በዚያው ከተማ ብዙ ሺሕ ነዋሪዎችን ለዓመታት የተከታተለው የኮፐንሃገን ከተማ የልብ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ትንተና፣ ማጨስን ካልተዉት መካከል በመጠኑ ወይም በብዛት የሚንቀሳቀሱት፣ እምብዛም ከማይንቀሳቀሱት ይልቅ የሳንባቸው አቅም በዝግታ ቀነሰ፤ የአየር መተላለፊያን በሚያጠብበው ሥር የሰደደ የሳንባ ደዌ የመያዛቸውም ዕድል ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያነሰ ሆነ። እርግጥ፣ ሳንባው ገና ያልተጎዳ ሰው መንቀሳቀስ ይቀለዋልና፣ ከዚህ ብቻ ተነሥቶ ምክንያቱን መፍረድ አይቻልም፤ ስለዚህ በብራዚል፣ በሳኦ ፓውሎ የተደረገው የአይጦች ሙከራ ትልቅ ረዳት ነው። ለ24 ሳምንት የሲጋራ ጢስ እየታጠኑ በመሮጫ ማሽን ላይ የሮጡት አይጦች፣ ጢሱን ብቻ ከታጠኑት ይልቅ የአየር ከረጢቶቻቸው ከመፍረስ ተጠብቀው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ ሩጫ ለሲጋራ ሥርየት አይሰጥም። በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኀይል ከሄሞግሎቢን ጋር ስለሚጣበቅ፣ አጫሹ ሲሮጥ ልቡ ኦክስጅን በጐደለው ደም ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ደረቱን የሚያመው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ጀማሪም ከፈጣን እርምጃ ይነሣ እንጂ በአንድ ቀን ወደ ብርቱ ሩጫ አይግባ። ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚሰጠኝ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመው ጥናት ነው፤ 281 አጫሽ ሴቶች ለ12 ሳምንት ሲጋራ የማቆሚያ ትምህርት ሲከታተሉ ከፊሎቹ ብርቱ እንቅስቃሴ እንዲጨምሩበት ተደርጎ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሲጋራ ርቀው የተገኙት ከእነዚህ 11.9 በመቶ፣ ከሌሎቹ ግን 5.4 በመቶ ነበሩ። የተንቀሳቀሱት በትምህርቱ መጨረሻ የጨመሩት ክብደትም ያነሰ ነበር፤ ብዙዎች ሲጋራን ለመተው የሚፈሩትም ውፍረትን ነው።