የፊዚክስ ጠርሙስ በቲያትር መድረክ

ለመሆኑ የኑክሌር ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ጠርሙስ፣ የጃፓን ቲያትርና የኢትዮጵያ ተረት በአንድ መድረክ ላይ ሊገናኙ ይችላሉን? እ.ኤ.አ. በ1969 በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተዋል። ያገናኛቸውም አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሪ ፓርች (1901–1974) ሲሆን፣ ሥራው «ዴሉዥን ኦቭ ዘ ፊውሪ» ማለትም «የቁጣ ቅዠት» ይባላል።

የመጀመሪያው ክፍል በጃፓን የኖህ ቲያትር ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለተኛው ከኢትዮጵያ ተረት የተወሰደ ነው። ፍየሎቿ የጠፉባት ሴት መስማት የተሳነውን ሰው ትጠይቃለች፤ ሳይግባቡ ይጣላሉ። ጉዳያቸውን የሚያዩት ዳኛም ጆሯቸው የማይሰማ፣ ዓይናቸውም የደከመ ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ትርኢት ሙዚቀኞቹ ከተመልካች አይሰወሩም። ከምቱ ጋር ያዜማሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፤ ግዙፎቹ መሣሪያዎችም ራሳቸው የመድረኩ ገጽታ ናቸው።

ፓርች መሣሪያዎቹን በራሱ የሠራበትን ምክንያት ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ያስፈልገናል። ሁለት ድምፆች ይበልጥ ተስማምተው የሚሰሙን የድግግሞሻቸው ውድር እንደ 2፡1፣ 3፡2 ወይም 5፡4 ባሉ ትንንሽ ሙሉ ቁጥሮች ሲገለጽ ነው። ፒያኖ ግን ኦክታቩን በ12 እኩል ደረጃዎች ስለሚከፍል፣ 1.25 መሆን የነበረበት የ5፡4 ውድር ወደ 1.26 ከፍ ይላል። ፓርች ይህን አልተቀበለም። ኦክታቩን እኩል ባልሆኑ 43 ደረጃዎች ከፈለው፤ ይህን የሚጫወት መሣሪያ ደግሞ በገበያ አልነበረም።

በበርክሌይ ከነበረው የጨረር ቤተ ሙከራ የተጣሉ ትልልቅ የብርጭቆ ጠርሙሶችን አገኘ። ብርጭቆዎቹ «ክላውድ ቻምበር» ለተባለው መሣሪያ የሚያገለግሉ ነበሩ፤ በዚህ መሣሪያ ውስጥ ሙል ያለው ቅንጣት በእንፋሎት መካከል ሲያልፍ የጠብታ ፈለግ ትቶ ይታያል። ፓርች ቁራጮቹን በእንጨት ላይ ሰቅሎ የሚመቱ ደወሎች አደረጋቸው። «ማሪምባ ኢሮይካ» የተባለው መሣሪያው ደግሞ በሴኮንድ 22 ንዝረት ገደማ እስከሚሆን ድረስ ዝቅ ይላል። ይህም ከፒያኖው ዝቅተኛ ድምፅ (27.5) በታች ስለሆነ ከጆሮ ይልቅ በሰውነት የሚሰማ ነው።

ችግሩ ግን ከዚህ ይጀምራል። ብርጭቆ እንደ ከበሮ ቆዳ አይወጠርም፣ እንደ ክራር ክር አይቃኝም። ድምፁን የሚወስኑት ቅርፁና ውፍረቱ ናቸው፤ ከተሰበረ ተመሳሳዩን ማግኘት አዳጋች ነው። መሣሪያው ከጠፋም ሙዚቃው ይጠፋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 በጀርመን ዳግም ለመድረክ የበቃው የኮሎኙ የሙዚቃ ቡድን ሙዚክፋብሪክ መሣሪያዎቹን እንደ አዲስ አሠርቶ ስለተጫወተባቸው ነው።

የእኛስ ቅኝቶች? ባለሙያው ክራሩን በጆሮው ሲቃኝ የሚያገኛቸው ድምፆች በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ 12 እኩል ደረጃዎች ሲተኩ ምን ያህል ይለወጣሉ? ውድ አንባብያን፣ ይህን ለማወቅ አንድ ክራር፣ የድምፅ መቅጃና ድግግሞሽ የሚለካ ፕሮግራም ይበቃል። የእያንዳንዱን ክር ድግግሞሽ መዝግባችሁ ውድሩን አስሉ። ሳንለካ «ልዩነት የለውም» ካልን፣ እንደ ተረቱ ዳኛ ሳንሰማ ፈረድን ማለት ነው።